ከሰፋች ደህና ናት

እትዬ ሜትር ሰው ሰላም ከማለቷ በፊት ትከሻውን በዓይኗ ለክታ ትጨርሳለች። በዚህ ልማዷ ያስቀየመችው ሰው ቁጥር የለውም። የጎረቤት ልጅ ስትዳር ሙሽራውን አቅፋ ስማ፣ «እንኳን ደስ ያለህ» በማለት ፈንታ «የግራ እጅጌህ በሁለት ጣት ይረዝማል፤ ማነው የሰፋልህ?» ያለች ሴት ናት። ቅጽል ስሟ የመጣው አንገቷ ላይ ሁልጊዜ ከሚንጠለጠለው ቢጫ መለኪያ ነው። ያወጣላት ደግሞ ከሱቋ ቀጥሎ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። «ስም ማውጣት ይችልበታል፤ ፀጉር ማስተካከሉን ነው ያልቻለበት» ትላለች እሷ። እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት እህቷና መታወቂያዋ ብቻ ነበሩ። እህቷ ከሞተች ሁለት ዓመት አለፋት፤ እንግዲህ መታወቂያዋ ብቻ ቀረ።

ስፌት ቤቱ አንድ ክፍል ነው። የመስታወት በር፣ በሩ ላይ «እናሳጥራለን፣ እናጠባለን፣ ዚፕ እንቀይራለን» የሚል ጽሑፍ፣ ከጣሪያው በሽቦ የተንጠለጠሉ የተማሪ ዩኒፎርሞች፣ ጥግ ላይ ካውያ፣ መሃል ላይ ፊት ለፊት የተተከሉ ሁለት የእግር ስፌት መኪናዎች። ከመቀራረባቸው የተነሳ ሁለት ሴቶች ሲቀመጡባቸው ጉልበት ለጉልበት ይነካካሉ። ሜትር እታለም የምትላት ታላቅ እህቷ የመቁረጥ እጅ ነበራት፤ ሜትር ደግሞ የመስፋት። በአሥራ አራት ዓመቷ የመኪናዋን ወንበር ይዛ አርባ ዓመት ሙሉ አልለቀቀችውም። እታለም አግብታ አንዲት ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ባሏ ልጅቷ ዳዴ ሳትል ሞተ። ሜትር አላገባችም። አንድ ጠያቂ መጥቶ ነበር አሉ። እታለም የሱሪውን ጠርዝ አይታ «ይሄ ሰው የተፈታ ክር ቆርጦ አይጥልም፣ ይጎትታል» አለች፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

ድመቷ የመጣችው በቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ ውስጥ ነው። እንዴት እንደገባች ማንም አያውቅም። እታለም ለትራስ የሚሆን ቁርጥራጭ ስትፈልግ እጇ ሞቅ ያለ ነገር ነካ፤ እሷ ጮኸች፣ ድመቷም ጮኸች፣ በዚያው ተዋደዱ። የወደቀ የሸሚዝ ቁልፍ ሁሉ በመዳፏ እየገፋች ከመኪናው ሥር ስለምትደብቅ ቁልፌ ተባለች። በሁለቱ መኪናዎች መካከል ያለችው ጠባብ ጠረጴዛ የሷ ናት። ደንበኛ ጨርቁን ቢያስቀምጥባት እላዩ ላይ ትተኛለች፤ ሌላ ክርክር የለም።

ድመት ሲደላት ከደረቷ ውስጥ የምታሰማውን ያንን ኩርርር የሚል ድምፅ ምን ብሎ መጥራት እንደሚገባ ሰው አልተስማማም። አንዱ ታንኮራፋለች ይላል፤ ሌላው ታንጎራጉራለች ይላል፤ ፀጉር አስተካካዩ ሞተሯን አስነሳች ይላል። እዚህ ቤት ግን ቃሉ አንድ ነው። ገና በመጣች በሳምንቷ እታለም እግሯን ከፔዳሉ አንስታ ጆሮዋን ቀሰረችና «ስሚያት፤ ሦስተኛዋ መኪና ተነሳች። ትሰፋለች!» አለች። ከዚያ ወዲህ «ቁልፌስ?» ሲባል «ትሰፋለች» ከተባለ ጥያቄው አለቀ። ከሰፋች ደህና ናት። እያንዳንዱ ቤት እንዲህ ያለ ከደጁ ውጭ የማይገባ ቃል አለው። በሳቅ ይፈጠራል፣ ከተፈጠረ በኋላ ግን ትክክል ነው ወይ ብሎ የሚመረምረው ሰው የለም።

እታለም በሞተች በዓመቱ ክፍሉ መሽተት ጀመረ። ሜትር መጀመሪያ የውሃ ማውረጃውን ጠረጠረች፤ በሳሙና ፈትጋ አጠበችው። ቀጥላ ጆንያውን ጠረጠረች፤ አራግፋ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። በመጨረሻ ፀጉር አስተካካዩን ጠረጠረችና በሩ ላይ ቆማ «ሰዎቹን ምንድን ነው የምትቀባቸው?» አለችው።

ሰውየው ምላጩን አስቀመጠ። ቀልድ አያልቅበትም እንጂ ክፉ አይደለም።

«‹ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው› ያለው ሰውዬ አፍንጫንም መጨመር ነበረበት» አላት። «ደንበኞችሽ እኮ እዚህ እኔ ጋ ቆመው ነው የሚያወሩት። ሽታው ከድመቷ አፍ ነው።»

እውነቱን ነበር። ያን ቀን ሥራዋን ትታ ስትከታተላት ዋለች። ቁልፌ ርቧት ወደ ሳህኗ ትሮጣለች፤ አንድ ጊዜ ታነሳለች፤ ወዲያው ጩኸት። ጭንቅላቷን እያራገፈች፣ አፏን በመዳፏ እየቧጨረች ወደ ኋላ ትሸሻለች። ከዚያ ከካውያው ጠረጴዛ ሥር ሆና ሳህኑን አፍጥጣ ታየዋለች፤ ነከሰኝ ብላ የምትከስሰው ይመስል። ስታዛጋ እንኳ እኩሌታው ላይ ታቋርጠዋለች። ፀጉሯን መላስ ከተወች መክረሟን፣ ጀርባዋ ላይ መቋጠሩን ሜትር ያን ቀን ገና ማስተዋሏ ነው። በሰው እጅጌ ላይ ሁለት ጣት የሚታያት ሴት፣ ጉያዋ ያለውን አለማየቷ ከነከናት።

የእንስሳት ሐኪሙ ወጣት ነው። የጋዋኑ እጅጌ ከማጠሩ የተነሳ ክርኑን ሊያሳይ ምንም አልቀረው፤ በሌላ ቀን ቢሆን ትነግረው ነበር። ቁልፌን በፎጣ ጠቅልሎ በብረት ጠረጴዛው ላይ ያዛትና በአውራ ጣቱ ከንፈሯን ገለጥ አደረገ። ሜትር ለቅጽበት ቀይ ነገር አየች። ድመቷ ጮኸች፣ ከንፈሩም ተመልሶ ተከደነ።

«ድዷ ብቻ አይደለም፤ ወደ ጉሮሮዋ ድረስ ቆስሏል» አለ። «ከምን እንደሚመጣ በትክክል የሚያውቅ የለም። ሰውነቷ የገዛ ጥርሷን ጠላት ብሎ እየተዋጋው ነው ብንል ይቀርባል።»

«መድኃኒቱስ?»

«ጥርሶቿን ማውጣት። እንዳለ። አብዛኞቹ ይሻላቸዋል፤ ጥቂቶቹ ግን አይሻላቸውም።»

«የኔዋ ከየትኞቹ ናት?»

«አውጥተን ነው የምናየው፣ እትዬ።»

ወጣላት። ለሦስት ሳምንት ያህል ያ ክፍል ዳግመኛ ቤት ሆነ። ቁልፌ ጥርስ በሌለው አፏ የተፈጨ ጉበት ላሰች፣ ሳህኑን አስከትላ ላሰች፣ ጠረጴዛዋ ላይ ወጥታ ሰፋች። ሜትር ለፀጉር አስተካካዩ በቀን ሦስቴ እየወጣች ትነግረው ነበር። እሱም «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ፤ ጥርሱ ቢሄድ ጉበቱ አይረሳም» ብሎ አሳቃት። ከእህቷ ሞት ወዲህ እንዲያ የሳቀችበት ቀን አልነበረም። በአራተኛው ሳምንት ሽታው ተመለሰ፤ ከአፏ በሚወርደው ለሃጭ ውስጥም ቀጭን የደም መስመር ነበረበት።

ቁልፌ ከጥቂቶቹ ሆነች።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ሲያወሩት ያስቃል፣ ለሚኖረው ግን አያስቅም። ጠዋት ጠብታ፣ ማታ ጠብታ፣ በመካከል በውሃ የተበጠበጠ ክኒን። ጉበቱ ይቀቀላል፣ ይፈጫል፣ በስስ ጨርቅ ይጠለላል፣ ለብ እስኪል ይጠበቃል፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ተስቦ በጉንጯ በኩል ይገፋል። በፎጣ አልያዝ ስላለች ሜትር ለክታ ከረጢት ሰፋችላት። ውጭው ወፍራም ጨርቅ፣ ውስጡ ለስላሳ ገበር፣ አንገቷ ብቻ የሚወጣበት። ደረቷ ሠላሳ አምስት ሴንቲ ሜትር። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ስፌቱ በዓይን አይታይም። በወሩ ቁልፌ ከውስጡ ሾልካ ወጣች። ብትለካት ሠላሳ ሁለት ሆናለች፤ ከረጢቱን አጠበበችው። በሦስተኛው ወር ሃያ ዘጠኝ፤ ዳግመኛ አጠበበችው። ስታጠብ ደግሞ እጇ እንደ ለመደው ንጹሕ አድርጎ ይሠራል፤ እጅ ምን እየሠራ እንደሆነ አይጠይቅም።

ሰው እንደሆነ መናገር አያቆምም። አንዲት ደንበኛ «ለድመት ይህን ያህል? ሌላ ድመት ሞልቶ የለ እንዴ?» ብትላት፣ «ሌላ ደንበኛም ሞልቷል» ብላ ሱሪዋን ሳታሳጥር መለሰችላት። እውነቱ ግን ደንበኛ አልሞላም ነበር። ዩኒፎርም ያሰፋ የነበረው ትምህርት ቤት ወደ ሌላ ስፌት ቤት ሄዷል፤ ሜትርም አልፈረደችበትም። በሩን ሲከፍት አንዲት ጎልማሳ ሴት ከከረጢት ብቅ ካለ ጭንቅላት ጋር ስትታገል የሚያይ ሰው፣ ጨርቁን አምኖ አይሰጥም።

ሽታውንም፣ ድካሙንም፣ የሰውንም አፍ ትችለው ነበር። ያልቻለችው የድመቷን ፍርሃት ነው። አሥር ዓመት ጭኗ ላይ የተኛች ነፍስ አሁን የሜትር እጅ ሲዘረጋ ጆሮዋን ታጥፋለች። ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ ከመኪናው ጀርባ ትገባለች። ሜትር በጉልበቷ ተንበርክካ ትለምናታለች። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ። አንዴ ዋጪልኝ። ለኔ ብለሽ።» ከዚያ ጎትታ ታወጣትና መንጋጋዋን ይዛ ትግታታለች፤ ድመቷ ትጮኻለች፣ ሜትር ታለቅሳለች፣ ግማሹ ጉበት ግድግዳው ላይ ይቀራል። አንዳንድ ቀን «ምነው በሞተችልኝ» የሚል ሐሳብ ሽው ይልባታል። ያን ጊዜ ሰው የሰማት ይመስል በር በሩን ታያለች። ብትሞት ግን ከሁለቱ እህትማማቾች ጋር በዚያ ክፍል የኖረ ሌላ ፍጥረት አይኖርም፤ ይህንንም ታውቃለች። ቁልፌ እስካለች ድረስ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ሙሉ በሙሉ ባዶ አልነበረም።

ሐኪሙ በየሁለት ሳምንቱ ይደውላል። የሕመም ማስታገሻው ጠብታ ኩላሊት እንደሚጎዳ፣ ስለዚህ ሕመሙ ከቀለለ መቀነስ እንዳለበት ከመጀመሪያው ነግሯታል።

«ሕመሙ እንዴት ነው፣ እትዬ?»

«ትሰፋለች።»

«ማን?»

«ቁልፌ ናታ!» ሜትር ሳቀችና ቃሉን አስረዳችው። ወጣቱም ሳቀ።

«ሲደላት ማለት ነዋ።»

«ከሰፋች ደህና ናት፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው ጠብታውን በግማሽ እንቀንሰው።»

በሚቀጥለው ጊዜ ቃሉን እሱም ለመደው። «ትሰፋለች?» ይላል። «ኧረ ከጠዋት ጀምራ!» ትለዋለች። ጠብታው ከግማሽ ወደ ሩብ ወረደ። ደግሞ አልዋሸችም። ቁልፌ በነዚያ አራት ወራት እንደሰፋችው በዘመኗ ሰፍታ አታውቅም። ከመኪናው ጀርባ ግድግዳው ጋ ተኮራምታ፣ ዓይኗን ገርበብ አድርጋ፣ ያለ ማቋረጥ ትሰፋለች። ሜትር ሥራ በሌለበት ከሰዓት በኋላ ያንን ድምፅ እያዳመጠች ትቀመጣለች፤ ሌላው ሁሉ ቢጠፋ ይሄ አለ ትላለች። ለፀጉር አስተካካዩም «ዛሬ አላረፈችም» እያለች በኩራት ታወራለታለች።

የእታለም ልጅ ቢሮ ሠራተኛ ናት፤ ብዙውን ጊዜ አክስቷን የምትጠይቃት በስልክ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፍራፍሬ ይዛ መጣች። አክስቷን ሳመች፣ ፍራፍሬውን አስቀመጠች፣ ከመኪናው ጀርባ ጎንበስ ብላ «ቁልፌ፣ ቁልፍዬ» አለች።

«አክስቴ፣ ተነሺ። ሐኪም ቤት እንውሰዳት።»

«ምን ሆነችና? አትሰሚም እንዴ? ትሰፋለች እኮ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። የድመቷን መያዣ ቅርጫት ከመደርደሪያው ላይ አወረደች።

ሐኪሙ ሚዛኑ ላይ ያለውን ቁጥር ሁለት ጊዜ አየ።

«ደህና ናት ብለውኝ ነበር።»

«ትሰፋ ነበራ» አለች ሜትር። «አሁንም ስማት፣ ይኸው።»

ወጣቱ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ። በእርግጥም ቁልፌ እዚያ ብረት ጠረጴዛ ላይ፣ ለሃጯ እየተንጠባጠበ፣ ጎኗ እየተርገበገበ ትሰፋ ነበር። ፊቱ ተለዋወጠ።

«እትዬ… ድመቶች ይህን ድምፅ የሚያሰሙት ሲደላቸው ብቻ አይደለም። ሲያማቸውም ያሰሙታል። ሕመሙ ሲጠናባቸው ራሳቸውን የሚያባብሉበት ሳይሆን አይቀርም።» ቀና አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እንዴት እንደምትቀመጥ፣ ምን እንደምትበላ መጠየቅ ነበረብኝ። ቃሉ ደስ አለኝና እሱን ይዤ ቀረሁ።»

እትዬ ሜትር ክው አለች። አራት ወር። አራት ወር ሙሉ ያቺ ፍጥረት ግድግዳ ታክካ አድኑኝ ስትል፣ እሷ በደስታ ለጎረቤት ስታወራ። ማስታገሻውን ከአፏ የቀማቻት ሌላ ማንም አይደለም፣ እሷው ናት፣ ያውም በምላሷ። ወንበር አቀረቡላት፤ አልተቀመጠችም። የጠረጴዛውን ጠርዝ በመዳፏ ትጠርግ ነበር።

ሲመለሱ የአውቶቡስ ፌርማታው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ቅርጫቱ በመካከላቸው ነው። ሐኪሙ ጠንከር ያለ መርፌ ስለወጋት ቁልፌ ተኝታለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅርጫቱ ምንም ድምፅ አይሰማም።

«አክስቴ።»

«እ?»

«እንዳትቆጪኝ። እማዬም ትሰፋ ነበር።»

ሜትር መጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ ገባት፤ ባልገባኝ የሚያሰኝ ነገር ነው። እታለም ሆዷን ታማ ልትሞት አሥራ አንድ ቀን እስኪቀራት ድረስ መኪናዋ ላይ ነበረች። ከስታ ቀሚሷ እንደ ተንጠለጠለ ጨርቅ ሆኖባታል። ሜትር ፊት ለፊቷ ተቀምጣ «ደህና ነሽ?» ትላታለች፤ እሷም «እየሰፋሁ አይደል እንዴ?» ትላለች፤ በቃ፣ ወደ ሥራ። ኋላ ላይ የእታለም መኪና ከወትሮው እየፈጠነ፣ ፔዳሉ እየተንገጫገጨ ሲሄድ ሜትር ለሰው ሁሉ «እህቴ በረታችልኝ» ብላ አውርታለች። የእህቷ ጉልበት የእሷ ጉልበት ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰማት ነበር። የፔዳሉ መስሏት ነበር።

«ፈጥና የምትረግጠው ስታቃስት ነው» አለች ልጅቷ ወደ መንገዱ እያየች። «እንዳትሰሚያት። አንድ ቀን ስገባ አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽ ልብስ ትተኩሻለሽ፣ እሷ ምንም ጨርቅ ሳይኖር ባዶ መኪና ትረግጣለች። ፊቷ ላብ በላብ ሆኗል። ‹ለአክስትሽ እንዳትነግሪ፣ ትደነግጥብኛለች› አለችኝ። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽስ ምን ታደርጊላት ነበር?»

ልጅቷ በክፋት አልጠየቀችም። ሜትር መልሱን ፈለገችው። ሐኪም ጋ ወስደዋታል፤ ሐኪሙ የሚችለውን አድርጓል። አትሞትም ነበር ማለት አትችልም። አንድ አውቶቡስ መጥቶ በሩን ከፈተላቸው፣ ጠበቀ፣ ዘግቶ ሄደ።

«አያት ነበር» አለች በመጨረሻ። «ምንም ባላደርግላት፣ ሲያማት አያት ነበር። ብቻዋን አትታመምም ነበር።» ከዚያ አለቀሰች፤ እዚያው ፌርማታው ላይ፣ ሰው እያየ፣ ለእህቷ ሁለት ዓመት ያላለቀሰችውን።

ጠብታው ወደ ሙሉው ተመለሰ፤ ግን ኩላሊቷ እየደከመ ነበር። ሐኪሙ ደም ወስዶ ካየ በኋላ ደወለ።

«ከዚህ በላይ ብጨምር አትችለውም፤ ብቀንስ ሕመሙን አትችለውም። ሌላ የቀረኝ ነገር የለም፣ እትዬ። እንድታርፍ ማድረግ ብቻ ነው። ጊዜው መቼ እንደሆነ ግን… እሱን ከማንም በላይ እርስዎ ያውቁታል።»

«እኔ?» አለች ሜትር። ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችውና መለሰችው። «እኔ ነኝ የማውቀው? ልጄ፣ ካወቅሁት ሁሉ አንዱም ልክ አልሆነም። እኔ ልኩን የማውቀው የጨርቅ ብቻ ነው።»

በዚያኛው በኩል ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ።

«እንግዲያው እኔ ልንገርዎት» አለ ወጣቱ። «በቅቷታል።»

ሐሙስ ጠዋት ይሁን ተባባሉ። ሐሙስ ጠዋት ሜትር ዓሣ ቀቀለች፤ ስሪንጁን ግን ከመሳቢያው አላወጣችም። ውሃውን በሳህን አድርጋ ራቅ ብላ ቆመች። ቁልፌ ከመኪናው ጀርባ ወጣች። አንድ ጊዜ ላሰች፣ ቆመች፣ ደግማ ላሰች። አልጮኸችም። አራት አምስት ጊዜ ላሰችና ሜትርን ቀና ብላ አየቻት።

የሜትር ልብ ዘለለ። ተሻላት! ልትል፣ ልትደውል፣ ልጅቷን ከመንገድ ልትመልስ እጇ ወደ ስልኩ ሄደ። ከዚያ እጇ በመንገድ ቀረ። ይህን አየሁ ብላ ምን ልትል ነው? ሲደላት እንዲህ ታደርጋለች፣ ሲያማት እንዲህ ታደርጋለች ብላ የምታምነው ምልክት አንድም አልቀራትም። መሻል ይሁን፣ ረሃብ ይሁን፣ የመጨረሻ አቅሟ ይሁን፣ ከዓሣው ውሃ የሚያነብላት የለም። ልጅቷ በሩን ስትከፍት ሜትር ሳህኑን ይዛ እንደ ቆመች አገኘቻት።

ፀጉር አስተካካዩ ደጁ ላይ ነበር። ቅርጫቱን አየ፣ ፊታቸውን አየ፣ ነገሩ ገባው። ለወትሮው ቀልድ የማያጣው ሰው «ልሸከምልሽ» ብቻ አለ፤ እስከ መንገዱ ማዶ ድረስም ተሸከመላት።

ሐኪም ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ሐኪሙ ሁለት መርፌ እንዳለ፣ የመጀመሪያው እንደሚያስተኛት፣ ሁለተኛው እንደሚያሳርፋት በቀስታ አስረዳ። 

«ይይዟታል?»

«እይዛታለሁ» አለች ሜትር።

ከቅርጫቱ ልታወጣት እጇን ዘረጋች። ቁልፌ ያንን እጅ ታውቀዋለች። ጆሮዋን አጠፈች፣ ተኮማተረች፣ ባላት ጉልበት ሁሉ ወደ ቅርጫቱ ጥግ ገፋች። ሜትር «የኔ እመቤት፣ ምንም አልሰጥሽም፣ ዛሬ ምንም የለም፣ እዪው ባዶ ነው» እያለች መዳፏን ብትገልጥላት ድመቷ ይብስ አፏን ደበቀች።

«እኔ ልያዛት፣ አክስቴ» አለች ልጅቷ በለሆሳስ።

ሜትር እጇን አነሳች። ቁልፌ በልጅቷ ክንድ ላይ ሆና ጭንቅላቷን ብብቷ ሥር ቀበረች። መርፌው ተወጋ፤ ቆይቶ ሁለተኛው ተወጋ። ሜትር አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆማ፣ እጇን ከጀርባዋ አጣምራ ተመለከተች። ድመቷ እስከ መጨረሻው ፊቷን ወደ እሷ አላዞረችም። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ «አርፋለች» አለና መሣሪያውን ከጆሮው አወጣ።

ልጅቷ ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ አጋደመቻት። ሐኪሙ የምትሸፈንበትን ጨርቅ አነሳ።

«ቆይ» አለች ሜትር። «አንድ ነገር ላስቸግርህ። አፏን ክፈትልኝ።»

«ለምን፣ እትዬ? አሁን እኮ—»

«አይቼው አላውቅም። ሁልጊዜ አንዴ ብልጭ ብሎ ነው የሚከደን፤ ያመኛል ትላለች። አሁን አያማትም።»

ወጣቱ ልጅቷን አየ። ጨርቁን አስቀምጦ በሁለት ጣቱ መንጋጋዋን ቀስ ብሎ ከፈተው።

ሜትር በመርፌ ክር ስታስገባ የምታደርገውን መነጽር ከቦርሳዋ አውጥታ አጠለቀችና ጎንበስ አለች። ጥርስ የነበረበት ቦታ ድኗል። ከዚያ ወዲያ ግን፣ ላይና ታች መንጋጋ ከሚገጥሙበት ጀምሮ ቆዳ የሚባል ነገር አልነበረም። ሥጋው ተልጦ፣ አብጦ፣ እርስ በርሱ ተደራርቦ፣ መዋጫዋን ከግራና ከቀኝ ይዞ፣ ምግብ ማለፊያ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። በዚያች ቀዳዳ ነበር በቀን ሦስት ጊዜ ጉበት ስትገፋ የከረመችው። ጣቷን አስገብታ ነካችው። ገና ይሞቃል። ማንም አልሸሻትም።

«ይህን ይዘሽ ነው እንዴ የዋጥሽልኝ?» አለች።

«በቃ፣ አክስቴ» አለች ልጅቷ ክንዷን እየያዘች። «በቃ፣ እንሂድ።»

«ተዪኝ፣ ልየው» አለች ሜትር ቀና ሳትል። «የእታለምን አላየሁላትም።»

ሐኪሙ አፉን ከፍቶ እንደያዘ በሌላው እጁ መብራቱን አስጠጋላት።